«እኔ» ስም አይደለም

ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ በስተግራ፣
አንድ ሕንፃ አለ፤ ቀለሙ የተላጠ፣
የደረጃው መብራት እየተጠራጠረ የሚበራ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ የአሣ አስጋሪው ብር፣
የባጃጅ ነጂው፣ የልብስ ሰፊዋ፣ ተደማምሮ ያድር።
አጥሩን ያጠርኩት እኔ ነኝ።
በቆርቆሮ አይደለም፤ በትእዛዝ፣ በቁጥር፣ በማይታይ ግድግዳ፣
«ይሄ ይግባ፣ ያ ይቅር» ብዬ፣ ለይቼ ቤተኛ ከባዳ።

እታች በሩ ላይ ሌዳሞ አለ፤
ካፖርቱ ከጦር ሜዳ የመጣ፣ አንድ ቁልፉ የጎደለ።
አምስት ዓመት ስገባ ስወጣ ያየኛል፤
አምስት ዓመት «ማነው?» ይለኛል።
«እኔ ነኝ።»
«እኔማ ሌባም ይላል። ስም!»
ብርቅነሽ ቱንሲሳ እላለሁ፤ በቢክ ይጽፋል፣ ሰዓቱን አይረሳም።

እስቅበት ነበር። እሱ ደግሞ በእኛ ይስቃል፦
«የይለፍ ቃል ትላላችሁ፤ ቃሉ ከኛ ምሽግ ተሰርቋል።
እኛ ዘንድ ሲመሽ ይለወጥ ነበር፤ ያደረ ይለፍ ያስገድላል።
አንድ ጓድ ነበረኝ፣ በሳሉ የማውቀው፣ በጨለማ መጣ፤
የዛሬውን ረስቶ የትናንቱን ጠራ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ...»
እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል።
ባትሪውን ያጠፋል፣ ያበራል፤ ስለ ዝናብ ይጠይቃል።

ሐምሌ ላይ፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ዝናብ ሲያንኳኳ ጣራውን፣
የመቶ አርባ ሰው ቁጠባ ወጣ፣ ማንም ሳይነካ ካዝናውን።
ጠዋት ገንዘብ ያዧን፣ ዙሪያሽን፣ መሃል አቆሟት፤
«ማን ደወለ? ቁጥሩን ለማን ሰጠሽ?» አሏት።
«ለማንም» አለች። ማን አምኗት?
ልጇ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ችግሯ ራሱ ከሰሳት።
እኔን «መርምሪ» አሉኝ።

መረመርኩ።
መዝገቡን ከፈትኩ፣ መስመር በመስመር፣
ማሽኑ ደከመኝ ሳይል ያኖረውን የሌሊቱን ምስጢር።
ሌባው በዙሪያሽ በኩል አልመጣም። ስልክ አልደወለም።
ግድግዳዬንም አልነደለም።
በበር ነው የገባው፣ ቃሉን ብሎ፣ እንደ ባለቤት፤
ሚያዝያ ላይ፣ አንድ አርብ፣ አዲስ ራውተር ሰክቼ
ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ቃል
«ሰኞ እቀይረዋለሁ» ብዬ በተውኩበት።
ሰኞ ሌላ ሥራ ነበረ። የሚቀጥለውም ሰኞ ሰኞ ነው።
ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ሌባውም ከዓለም አንዱ ነው።
በሬ ታማኝ ነው፤ ቃል እንጂ ሰው አያውቅም፤
እጅ ነሥቶ አስገባው፤ «ስም!» አላለውም።

ያን መስመር ማጥፋት እችላለሁ።
የመዝገቡ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ በጠባቂዋ ላይ ጠባቂ ማኖር ትቻለሁ።
አንዲት ቁልፍ ናት። ጣቴ በላይዋ ቆየች።
ማዶ ቆርቆሮው ላይ አንድ አባ ኮዳ
አንገቱን ቀብሮ ቆሟል፣ ዕዳ እንደሚጠብቅ እንግዳ።

ሳላጠፋ፣ ሳልናገርም፣ በጨለማ ወረድኩ።
«ማነው?»
ዝም አልኩ። በአምስት ዓመት ዛሬ ጥያቄው ከበደኝ።
«ሌዳሞ፣ የሚያዝያን አርብ ግለጥልኝ።»
ጣቱን በምራቁ አርሶ ገጽ ቆጠረ፤ ባትሪውን አስጠጋ፦
«ብርቅነሽ ቱንሲሳ። ዐሥር ሰዓት ከሃያ ወጣች። ቸኩላለች።
የላዩ ክፍል መብራት አልጠፋም።»
ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው፣ የጠፋ ነገር አለ?»
«አለ» አልኩት።

የዙሪያሽ ጃንጥላ በሩ ጥግ ቆሟል፣
ጠዋት ሲወስዷት የተረሳ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ደርቋል።
ሌዳሞ ቢኩን ዘረጋልኝ፦ «ልትወጪ ነው? ፈርሚ።»
«አልወጣም» አልኩት። «ገባች ብለህ ጻፈኝ።
ስሜን፣ ሙሉውን።»